እርማት፦ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ አያቆጠቁጥም

«ጥዱ ካረጀ ከሥሩ ቁረጡት፤ እንደ ባሕር ዛፍ መልሶ ያቆጠቁጣል» የሚለው ምክር ስህተት ነው። እባካችሁ መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ባለቤቱም ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን ይቆርጣል። የሐበሻ ጥድም ሆነ የፈረንጅ ጥድ ግን እንዲህ አይደሉም። ጉቶው ይደርቃል፣ በቃ።

አጥር ላይም ያው ነው። የፈረንጅ ጥድ አጥራችሁን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት፤ ውጪው አረንጓዴ፣ ውስጡ ቡናማና ቅጠል አልባ ነው። መቀሱ እዚያ ድረስ ከገባ ቦታው ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። አረንጓዴውን ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ከርክሙ። የሐበሻ ጥድ ከቆረጣችሁ ደግሞ አዲስ ችግኝ መትከል ግድ ነው፤ እድገቱም እጅግ አዝጋሚ ነው።