ዕረፍት ላይ ነው፤ እሱን ላኩት

ሰውን ከዕረፍት በማዳን ረገድ የእኛን ማኅበረሰብ የሚያህል ትጉህ ማኅበረሰብ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሌላው ዓለም የደከመውን ሰው ዝም ብሎ ይተወዋል፤ በሩን ዘግቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ ሳምንት ሙሉ ሲተኛ እያየ እንዳላየ ያልፈዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጭካኔ የለም። አንድ ሰው የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ቤቱ መዋሉ በተሰማ በሰዓታት ውስጥ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ እድሩና መሥሪያ ቤቱ ተረባርበው ከገባበት የብቸኝነት አደጋ ያወጡታል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ርብርብ የቀረበ ምስጋና ሲሆን፣ ባለፈው ጥቅምት እኔው ራሴ ከአደጋው የተረፍኩ ሰው ስለሆንኩ ምስጋናዬ በስሚ ስሚ የተገኘ አይደለም።

ለምስጋናው ቅድሚያ የሚገባው ሕጉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። እሱ የተካው የ1996ቱ አዋጅ በ14 ቀን ይጀምርና በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨምር ነበር። መነሻው በሁለት ቀን ከፍ ማለቱን ሰምተን ባጨበጨብንበት ቅጽበት ጭማሪው በግማሽ መውረዱን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። 11 ዓመት ላገለገልኩት ለእኔ በድሮው ስሌት 24 ቀን ይሆን የነበረው በአዲሱ 21 ነው፤ ሦስቱ ቀን የት እንደገባ ባላውቅም ሠራተኛ እየበሰለ በሄደ ቁጥር ድካሙ ይቀንሳል የሚል ጥልቅ ጥናት ሳይደረግ እንዳልቀረ እገምታለሁ። ያም ሆኖ አዋጁ አንድ የዋህነት አለበት፤ ሠራተኛው ፈቃዱን ላለመውሰድ ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ዕረፍታችንን የሚነጥቀን አሠሪው ብቻ መስሎታል። እኛን አላሰበንም።

ቅጹን ሞልቼ ለአስተዳደር ክፍል ሳቀርብ «የት ልትሄድ ነው?» ተባልኩ። «የትም፤ ቤቴ ልቀመጥ ነው» ስል በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብዕራቸውን አስቀምጠው ተመለከቱኝ። በእኛ ዘንድ ለፈቃድ በቂ ምክንያት ተብለው የታወቁት ሰርግ፣ ሕመም፣ የቤት ግንባታና የዘመድ ጉዳይ ናቸው፤ ደክሞኛልና ላርፍ ነው የሚል ሰው ግን አንድ የደበቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ከሦስቱ አንዷ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ሸኝታኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» አለችኝ። ምን እንደሚያልፍ ባይገባኝም አሜን አልኩ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ክረምቱ አልፎ ብርዱ ገና ሳይከፋ የጥቅምት ፀሐይ በነጻ የተሰጠች ጸጋ ናት፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ግቢ ውስጥ በርጩማ አውጥቶ ጀርባን ለእሷ ሰጥቶ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ይዞ ምንም ነገር አለማሰብ፣ ሲበቃኝ ደግሞ ገብቼ መተኛት፤ ሳምንቱን የተመኘሁት ለዚሁ ነበር። ሰኞ ጠዋት በርጩማው ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያዋን ሽምብራ እንደቆረጠምኩ የግቢው በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው የበሩን ጠርዝ እንደያዙ በዓይናቸው ከእግር እስከ ራሴ ፈተሹኝ።

«ልጄ፣ ደኅና ነህ ወይ? መኪናህ ቆማ ባያት ጊዜ ልቤ ድንግጥ አለ፤ በደኅናው ሰኞ ቤቱ የሚውል ልጅ አይደለም ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ እትዬ፤ ዕረፍት ወጥቼ ነው።»

«ምን አጠፋህ ብለው ነው የሚያስወጡህ?»

«አይ፣ የዓመት ፈቃዴ ነው። እስከ ሰኞ ቤት ነኝ።»

ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን እንዴት ባለ ፍጥነት ወደ ሌላ ነገር እንደተለወጠ ላየ ሰው፣ ደመና ገልጣ የወጣች ፀሐይ ያየ ያህል ነው። «እሰይ! ምናለ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ? እኔ እኮ የዛሬውን የዓይን ቀጠሮዬን በታክሲ እንዴት አድርጌ እደርስ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው ያደርኩት!» ቆሎውን ኪሴ ጨምሬ ቁልፌን አነሳሁ። ሐኪም ቤቱ ወረፋ ነበረው፤ ከወረፋው በኋላ መድኃኒት ቤት፣ ከመድኃኒት ቤቱ በኋላ «መንገዳችን ላይ ስለሆነ» እህታቸው ቤት ነበረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ በርጩማው እንዳስቀመጥኩት ጥላ ውስጥ ቆሞ፣ ፀሐይዋ ግን ከእኛ ግቢ ወጥታ የእትዬ ጣሪያ ላይ ደርሳ ነበር። አሁን ሳስበው እሳቸው ባይደርሱልኝ ኖሮ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ማን ያውቃል ምን እሆን ነበር።

ማክሰኞ ሲነጋ ፈቃድ ላይ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። የእድራችን ጸሐፊ ደውለው ደስታቸውን ከገለጹልኝ በኋላ፣ ከታች ሰፈር ለቅሶ ስላለ ድንኳኑን ከሚተክሉት ጋር እንድሰለፍ አሳሰቡኝ። ለቅሶ መድረስ የሚያስማርር ነገር አይደለም፤ ነገ እኔም ሰው ያስፈልገኛል፤ ስለዚህ በዚህ ላይ የምለው የለኝም። የምደነቀው በሒሳቡ ነው። አዋጁ ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀናት የሐዘን ፈቃድ ሲሰጥ ለጎረቤት አማች ምንም አልሰጠም፤ ይህንን የሕግ ክፍተት በእኔ የዓመት ፈቃድ መሙላት ግን ጸሐፊውን የፈጀባቸው የአንዲት ስልክ ጥሪ ሒሳብ ብቻ ነው።

ከዚያ የቤቱ ጉዳይ መጣ። «አንተ ቤት ስላለህ» የሚለውን ሐረግ ከዚያ በፊት አዳምጬው አላውቅም ነበር፤ በአማርኛ ውስጥ እንደ እሱ ያለ የትእዛዝ አንቀጽ የለም። አንተ ቤት ስላለህ ጋዙን አስሞላ፤ አንተ ቤት ስላለህ የመብራት ካርድ ሙላ፤ አንተ ቤት ስላለህ ልጁን ከትምህርት ቤት አንተ አምጣው፤ አንተ ቤት ስላለህ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አሠራ። የመጨረሻው የረቡዕን ቀን ሙሉ በላ። ቧንቧ ሠራተኛው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ ነበር፤ በአራት ሰዓት ስደውል «መንገድ ላይ ነኝ»፣ በአምስት ሰዓት ተኩል «ሲኤምሲ ደርሻለሁ፣ ሁለት ደቂቃ» አለኝ። ያን ጊዜ ከጀርባው አንድ ወያላ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ሳሪስ አቦ! ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይጮህ ነበር። ሲኤምሲ ላይ ቆሞ ቃሊቲ የሚጣራ ወያላ ሰምቼ አላውቅም፤ ነገር ግን ሰውየው ይህን ያህል ተጨንቆ ሊያጽናናኝ ሲሞክር እንዴት አድርጌ ውሸታም እለዋለሁ? የሚገርመው ነገር፣ ስጠብቀው መተኛት እችል ነበር። አልተኛሁም። ሰው ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይተኛም፤ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ጠብታውን እየቆጠረ ይቀመጣል። ሠራተኛው በአሥራ አንድ ሰዓት መጥቶ ቧንቧውን በትካዜ ተመልክቶ፣ ዕቃ እንደሚያስፈልገውና ነገ እንደሚመለስ ነግሮኝ ሄደ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ራሴ መከራ ብቻ ስለሆነ፣ ከርብርቡ ውጭ ሆኜ ያገኘኋትን አንዲት ንጹሕ ደስታም ልመስክር። ሐሙስ ከሰዓት ማንም አልጠራኝም። ስለዚህ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ «ቡና ይፈላ እንጂ፤ ዕረፍት ላይ እኮ ነን» አልኩ። ይህች «ነን» የምትለዋ ነገር ሊቃውንት ሊያጠኗት የሚገባ ናት፤ ዕረፍቱ ሲነገር ብዙ ቁጥር የነበረው ግሥ ወደ ማድቤት ሲገባ ነጠላና አንስታይ ይሆናል። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ ጀበናው ተጥዶ፣ ፈንዲሻው ፈክቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ እኔም በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሶፋው ሳልነሳ ስለ ቀላል ሕይወት ውበት አሰብኩ። በቶናው ላይ የቡና ሥርዓታችን እንዴት ያለ የመንፈስ ዕረፍት እንደሚሰጥ ለባለቤቴ አስረዳኋት። እሷም ከሰሉ ላይ ጎንበስ ብላ እያራገበች በጥሞና አዳመጠችኝ፤ በረካውን ስትቀዳልኝ ግን «ሰኞ ትገባለህ አይደል?» ስትል በድምፅዋ ውስጥ ከሰርጋችን ወዲህ ያልሰማሁት ናፍቆት ነበር። ሌላ ጊዜ ምሳዬን መሥሪያ ቤት ስለምበላ፣ በዚያ ሳምንት በየቀኑ በአምስት ሰዓት «ምሳ ምንድን ነው?» የሚል አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ መጨመሩን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ሲኒዎቹን ያጠበችው ደግሞ ቤት ውስጥ «የምታግዘን» ልጅ ናት። ያ ያመሰገንኩት አዋጅ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ከተፈጻሚነቱ ወሰን ስላወጣው፣ እሷን ከ16ቱ ቀን ለማዳን ጎረቤትም እድርም መድከም አላስፈለጋቸውም።

ስለ መሥሪያ ቤቴ ያላነሳሁት ወድጄ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ጨዋ የነበረው እሱ ስለሆነ ነው። አዋጁ በፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ ሊጠራ የሚችለው ቀድሞ ያልታሰበ ምክንያት በሥራው ላይ መገኘቱን ግድ ሲያደርገው ብቻ መሆኑን፣ ከተጠራም ለጉዞው ያወጣውን ወጪ አሠሪው እንደሚሸፍን ይናገራል። አለቃዬ ሕግ አክባሪ በመሆናቸው አንድም ቀን አልጠሩኝም፤ ደወሉልኝ እንጂ። ሰኞ ሁለቴ፣ ማክሰኞ ቀብር ላይ ሳለሁ ሦስቴ፣ ሁሉንም ጊዜ «ፈቃድ ላይ መሆንህን አውቃለሁ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ» እያሉ። ረቡዕ ደግሞ የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ እኔ ጋር መሆኑ ስለታወቀ ሾፌር ተላከብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ቁልፉን ረስቼ ነው የወሰድኩት ብያቸዋለሁ። አርብ ዕለት እስከ አምስት ሰዓት ማንም ሳይደውል ሲቀር፣ የቴሌግራም ግሩፓችንን ከፍቼ እያንዳንዱን መልእክት አነበብኩ፤ ስሜ የለም። በአምስት ተኩል እኔው ራሴ ደወልኩ። «ደኅና ናችሁ? ምንም የተቸገራችሁት ነገር የለም?» ስል ጸሐፊዋ «ኧረ ምንም የለም! አንተ እረፍ» አለችኝ። ከሳምንቱ ድካም ሁሉ እንደዚያ ያለ ነገር አልተሰማኝም፤ ቀኑን ሙሉ ሆዴ ባባ ብሎ ዋለ። ቅዳሜና እሑድን አላወራም፤ ክርስትና ነበረ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሳምንት የሰነበተ ወረቀት ተከምሯል፤ በመስኮቱ በኩል ግን የሁለት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ገብታ ወንበሬ ላይ አርፋለች። ወንበሩን አዙሬ ጀርባዬን ሰጠኋት። እጄን ኪሴ ስከት የሰኞው ሽምብራ እዚያው ነበረ። ሁለት ሦስት እንደቆረጠምኩ ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ነበሩ።

«ልጄ፣ ዛሬ መነጽሩን እንድወስድ ብለውኝ ነበር፤ መኪናህን ባጣት ጊዜ…»

«ሥራ ላይ ነኝ እትዬ።»

«ውይ! አፈር ስሆን፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው አስቸገርኩ! በል በል፣ አልያዝህም» ብለው እኔ ደኅና ዋሉ እስክል እንኳ ሳይጠብቁ ስልኩን ዘጉት። ሻይ አዘዝኩ፤ ቆሎውንም ጨረስኩት።