ጥቁር ላልሆኑ ጥቁሮች የቀረበ ውዳሴ

ዘረኝነት በዚህ ሠለጠነ በሚባለው ዘመን ለምን እንዳልጠፋ የሚመራመሩ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። አንዳንዶቹ ነገሩን ከባሪያ ንግድ፣ አንዳንዶቹ ከባንክና ከመኖሪያ ቤት ሕግ፣ ሌሎቹም ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ያያይዙታል፤ ሁሉም የየድርሻቸውን እውነት ተናግረዋል። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሰፈርነው ኢትዮጵያውያን ግን የሚገባንን ምስጋና ያቀረበ አንድም ሊቅ አላየሁም። ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያንን ጉድለት ለመሙላት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ከዓመት ጋር የተጻፉት ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ከሁሉ አስቀድሞ ሊደነቅ የሚገባው የዓይናችን ጥራት ነው። አሜሪካ ከተመሠረተች ጀምሮ ሕግ አውጪዎቿ፣ ዳኞቿና ሕዝብ ቆጣሪዎቿ ጥቁርን ከነጭ ለመለየት ሲደክሙ ኖረዋል። የቨርጂኒያ ግዛት በ1924 ባወጣችው የዘር ንጽሕና ሕግ ከጥቁር የተገኘች አንዲት የደም ጠብታ ያለችበት ሰው ነጭ ሊባል አይችልም ብላ እስከ መደንገግ ደርሳ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ድካም ጥቁሩን ራሱን ለሁለት ሊከፍለው አልቻለም። ይህን ረቂቅ ሥራ የፈጸምነው እኛ ነን፤ ያውም በዚያችው በቨርጂኒያ። ቅድመ አያቶቹ እዚያው ተወልደው እዚያው የተቀበሩትን ሰው «ጥቁር»፣ ትናንት ከቦሌ ተሳፍሮ የመጣውን ደግሞ «ሐበሻ» ብለን ያለ አንዳች የላቦራቶሪ ምርመራ እንለያለን። አንዳንድ ጊዜ የእኛው ሰው ከአሜሪካዊው ይልቅ ይጠቁራል፤ ይህ ግን ላላወቀ ሰው እንጂ ለእኛ ችግር ሆኖ አያውቅም። አፍንጫ አለ፣ ፀጉር አለ፣ እነዚህም ባይገኙ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለ።

የዚህ ጥበብ ዋና ማስተማሪያ የቤተሰብ ምክር ነው። አንዲት እናት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጇን አስቀምጣ «ልጄ፣ እኛ እንደ ድሮ ሰው አይደለንም፤ የወደድሽውን አግቢ፤ ብቻ አደራ፣ ጥቁር እንዳታመጪብኝ» ስትል መስማት የተለመደ ነው። እናቲቱ ይህን የምትናገረው ልጇ ከእሷ የወረሰችውን መልክ ፊት ለፊት እያየች መሆኑ የእምነቷን ጽናት ያሳያል። ነጭ አማች የመጣ እንደ ሆነ አባት አንድ ሳምንት ያኮርፉና በሁለተኛው ሳምንት ክትፎ በእጅ እንዴት እንደሚጎረስ ሲያስተምሩት ይገኛሉ። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀ ጥቁር አሜሪካዊ የመጣ እንደ ሆነ ግን ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ንስሐ አባት ይጠራሉ፤ የእናትየዋ የደም ግፊት ይነሣል። ሪቻርድ ላቪንግ የተባለ ነጭና ሚልድረድ የተባለች ባለቤቱ በቨርጂኒያ ላይ ያነሡትን ክርክር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 12 ቀን 1967 ሲወስን፣ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክሉት ሕጎች ሁሉ ኃይል አጡ። ፍርድ ቤቱ የሻረውን ክልከላ ከነጭ ወደ ሐበሻ አዛውሮ፣ በየሳሎኑ በቡና ጊዜ እያደሰ ያቆየ ማኅበረሰብ ቢያንስ የክብር ዲፕሎማ ይገባው ነበር።

ትልልቆቻችንማ ለሥራው የሚያስፈልገውን ስድብ ሳይቀር ከአገር ቤት ይዘው መጥተዋል። በኢትዮጵያ ባርነትን ጨርሶ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በ1942 ነውና ቃሉ ገና ትኩስ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጋሼ፣ በቀይ መብራት ፊቱን አቋርጦ የሚሄደውን አሜሪካዊ «ይኼ ባሪያ» ብለው ሲጠሩት፣ የሰውየው ቅድመ አያት በዚህ ምድር ላይ በጨረታ የተሸጠ መሆኑንና የእርሳቸው ቅድመ አያት ደግሞ ምናልባት ከገዢዎቹ ወገን እንደ ነበሩ በአንዲት ሐረግ ጠቅልለው ያስታውሱናል። ይህን ያህል ታሪክ በሁለት ቃል የሚያስተምር ፕሮፌሰር አላውቅም።

ከምክር ቀጥሎ የሚመሰገነው የቤት አገዛዛችን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ነገሩ ገንዘብ ነውና። በ1933 የተቋቋመው የመንግሥት የቤት ብድር ድርጅት የከተሞችን ካርታ እያዘረጋ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በቀይ ቀለም አስቀልሞ «ለብድር አደገኛ» አስብሎ ነበር፤ በዓመቱ የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደርም በእነዚያ ሰፈሮች ለሚሰጥ ብድር ዋስትና አልሰጥም አለ። ነጩ በመንግሥት ዋስትና በዝቅተኛ ወለድ ቤት ሲገዛ፣ ለልጆቹም ሲያወርስ፣ ጥቁሩ ሲከራይ ኖረ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1968፣ በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የሚደረግ መድልዎ በሕግ ተከለከለ። ሕጉ ግን የሻጩንና የአከራዩን፣ የደላላውንና የባንኩን እጅ እንጂ የገዢውን ምርጫ ሊይዝ አይችልም፤ ክፍተቱን የሸፈንነው እኛ ነን። አንድ የእኛ ሰው ቤት ሲፈልግ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ጣሪያውና ስለ ቧንቧው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰፈሩ ሰላም ነው? እነሱ ይበዙበታል እንዴ?» ይላል። «ይበዙበታል» ከተባለ ቤቱ ምንም ቢያምር አይገዛም። ገዢ የሸሸው ቤት ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው የወረደ ቤት የሚከፍለው የንብረት ግብር ያንሳል፤ በዚህ አገር የሕዝብ ትምህርት ቤት ከገንዘቡ ትልቅ ድርሻ የሚያገኘው ከንብረት ግብር ነውና ትምህርት ቤቱ ይደኸያል። በመጨረሻም እኛው ተመልሰን የትምህርት ቤቱን ውጤት በስልካችን እያሳየን «አላልኩህም? እነሱ ባሉበት ትምህርት የለም» እንላለን። ለዚህ ሁሉ ጥላቻ አላስፈለገም። ማንንም አልሰደብንም፤ ማንንም አልመታንም፤ ለልጆቻችን ብቻ አሰብን። ዘረኝነት የሚተማመነው በጠላቶች ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠላት ሲያረጅ አብሮ ባረጀ ነበር፤ የሚያኖረው እንዲህ ያለ ጨዋ ደንበኛ ነው።

ውለታ በመርሳት ረገድም አቻ የለንም። የአሜሪካ የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ በ1790 ዜግነትን ለነጻ ነጮች ብቻ የፈቀደ ሲሆን፣ አፍሪካ ተወልዶ የመጣ ሰው ዜጋ እንዲሆን የተፈቀደው ባሪያዎቹ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነጻ ከወጡ ወዲያ፣ በ1870 ነው። በ1924 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ይህ የኮታ ሥርዓት በሕግ የተሻረው ጥቅምት 3 ቀን 1965 ነው። በበርሚንግሃም የፖሊስ ውሻ የተለቀቀባቸው፣ በሴልማ ድልድይ ላይ በዱላ የተደበደቡት ጥቁሮች፣ አገሪቱ ሰውን በዘሩ እየመዘነች እንዳትቀጥል ባያሳፍሯት ኖሮ፣ ያ የኢሚግሬሽን በር ያን ጊዜ ባልተከፈተ ነበር። እኛ በዚያ በር ገብተን፣ ሻንጣችንን አስቀምጠን፣ እፎይ ካልን በኋላ በሩን ስለከፈቱልን ሰዎች የደረስንበት ድምዳሜ «ሥራ አይወዱም» የሚል ነው።

እነርሱ ደግሞ በዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የዋህ ነበሩ። ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር የሃርለም ጥቁሮች ለሰልፍ ወጡ፤ የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን አዲስ አበባ ገብቶ አነስተኛውን የአየር ኃይል መራ፤ ከድል በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት ሕይወቱ አልፎ አዲስ አበባ ተቀበረ። ዓይናቸው እንደ እኛ ስላልጠራ «ኢትዮጵያዊ ወንድማችን ነው» አሉ። በሃዋርድ ሕክምና የተማረው መላኩ በያንም ያንኑ ስሕተት ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊት አገባ፤ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቁሞ ሁለቱን ሕዝብ አንድ ለማድረግ ደከመ። የዛሬዎቹ የቤተሰብ ሽማግሌዎች በዚያን ጊዜ ቢኖሩ ኖሮ እንዲህ ያለ ጋብቻ ባልተፈቀደ ነበር።

ዐድዋንም መዘንጋት አይገባም። የካቲት 23 ሲደርስ በየአዳራሹ መድረክ ላይ ቆመን «ዐድዋ የመላው ጥቁር ሕዝብ ድል ነው» እንላለን፤ ጥቁር አሜሪካዊ እንግዳ ከተገኘም ከፊት ረድፍ እናስቀምጠዋለን። የካቲት 24 ሲነጋ ወደ ሐበሻነታችን እንመለሳለን። በዓመት ለአንድ ቀን ጥቁር መሆን፣ ያውም አሸናፊ ጥቁር፣ በጣም ተስማሚ ውል ነው።

እርግጥ ነው፣ ውሉን ሌላው ወገን ሁልጊዜ አያከብርም። በ1919 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ የነበሩበት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ወደ አሜሪካ ሲሄድ በኒው ዮርክ አንድ ክለብ በቀለማቸው ምክንያት አላስተናግድም ብሏቸው ነበር፤ የክለቡ ሰዎች ስለ ንግሥተ ሳባ አልሰሙም መሰለኝ። ኅዳር 13 ቀን 1988 ደግሞ በፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ ሙሉጌታ ስራው የተባለ ለትምህርት የሄደ ወገናችን ከመኖሪያው ደጃፍ ላይ በሦስት ዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሞተ። ወጣቶቹ የእኛን የረቀቀ ምርምር አላነበቡም ነበርና ከየት እንደመጣ አልጠየቁትም። ከሁለት ዓመት በኋላ የጀርመን ናዚዎችን የሚያደንቅ ድርጅት መሪን በፍትሐ ብሔር ረትተው ለሙሉጌታ ቤተሰብ የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ ያስወሰኑት ጠበቆች፣ የጥቁሮችን መብት ለማስከበር በአላባማ የተቋቋመ ድርጅት ሰዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ «ከእኛ ጋር አትቀላቅሉን» ብሎ የተቃወመ ሐበሻ አልነበረም።

በ2005 በዋሽንግተን የዘጠነኛው ጎዳና ነጋዴዎቻችን አካባቢው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባልልን ብለው ሲጠይቁ፣ በሾው ሰፈር የቆዩ ጥቁር ነዋሪዎች የሰፈራችንን ታሪክ አትቀይሩብን ብለው ተቃወሙ። ብዙዎቻችን በዚህ ተቀየምን፤ «ለምን ይጠሉናል?» ብለን በቅንነት ጠየቅን። ጥያቄው መልስ እንዳያገኝ ስንል የጠየቅነው በአማርኛ ነበር።

ችግር የሚፈጥሩብን ልጆቻችን ናቸው። እቤት ሐበሻ ሆነው ቁርስ በልተው ይወጣሉ፤ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ጥቁር ይሆናሉ፤ የመምህሩ ጥርጣሬ፣ የሱቁ ዘበኛ ክትትል፣ የጓደኛ እናት ጥንቃቄ አያልፋቸውም። አንዳንዶቹ ማታ ተመልሰው «አባዬ፣ እኔ እኮ ጥቁር ነኝ» ሲሉ አባት ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ማን ነው እንዲህ ያለህ?» ብለው ይቆጣሉ። ልጁ ሌላ ነገር የተሰደበ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ የማኅበረሰባችን መሪዎች ጊዜ ሳይወስዱ ሊፈጽሙት የሚገባ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በጆርጂያ አቬኑ ሌሊት የሚያስቆመን ፖሊስ የእጅ ባትሪውን ፊታችን ላይ ሲያበራ አፍንጫችንን አጣርቶ ለማየት ጊዜ እንደማያገኝ ከብዙዎች ሰምቻለሁ። ታክሲ፣ ኡበርና የግል መኪና የሚያሽከረክር ወገን ሁሉ በኋላ መስታወቱ ላይ ሌሊት የሚያበራ ሰሌዳ ቢለጥፍና ሰሌዳው «አሽከርካሪው ጥቁር አይደለም፤ ሐበሻ ነው» ቢል መፍትሔ ይሆናል። ወጪው ከዓመታዊ መዋጮ ሊሸፈን ይችላል። እዚህ ተወልደው እንግሊዝኛቸው ከጎረቤቱ ልጅ የማይለየውን ወጣቶች በተመለከተ፣ ፖሊሱ ወደ መስኮቱ እስኪደርስ ድረስ የእናታቸውን ድምፅ በአማርኛ የሚያሰማ ቅጂ በመኪናቸው ሬዲዮ ላይ እንዲጫንላቸው አስቤ ነበር። ሐሳቡን ያካፈልኳቸው አንድ ጋሼ ግን ፖሊሱ አማርኛውን የሌላ የጥቁር ቋንቋ አድርጎ ቢወስደውስ ብለው ስለጠየቁኝ፣ ይህኛው ክፍል ለጊዜው በይደር እንዲቆይ እጠይቃለሁ።