የቃኚ ወታደር ስልጠና፦ እግር ይቅደም ወይስ ዓይን?

የክርክሩ ነጥብ፦ ከጠላት ወረዳ ገብቶ መረጃ የሚያመጣ ወታደር ሲሰለጥን፣ ዋናው ፈተና ረጅም ጉዞና ከባድ ሸክም መሆን አለበት።

ደጋፊ፦

ቃኚ ለውጊያ አይሄድም። አይቶ፣ ሳይታይ ለመመለስ ነው የሚሄደው። መኪና አይከተለውም። ውሃው፣ ጥይቱ፣ ሬዲዮውና ባትሪው ሁሉ ጀርባው ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ይህን ተሸክመህ ትደርሳለህ ወይ?" ነው። ኤስኤኤስ የተባለው የእንግሊዝ ልዩ ጦር ምልምሎቹን በዌልስ ተራሮች የሚያንከራትታቸውም ለዚህ ነው። ካርታና ኮምፓስ ይዘው፣ ለየብቻቸው፣ ሰዓት እየተቆጠረባቸው ይጓዛሉ። የመጨረሻው ጉዞ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "አይዞህ" የሚል የለም። ያቃተው ይቀራል።

ማስረጃ ካስፈለገ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. በባህረ ሰላጤው ጦርነት 8 የኤስኤኤስ ቃኚዎች ኢራቅ ውስጥ ተነቃባቸው። 3 ሞቱ፣ 4 ተማረኩ። አንዱ ግን ወደ 300 ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ ሶሪያ ገባ። እሱን እግሩ ካላዳነው ምን አዳነው?

ተቃዋሚ፦

ወዳጄ፣ ታሪኩን ከመሃል ጀመርከው። ለመሆኑ በእግራቸው ለመሸሽ ለምን ተገደዱ? የተሰጣቸው የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ለአካባቢው የማይሆን ነበር። መልእክታቸው በወጉ አልደረሰም። ደግሞ ከሞቱት 3 ሰዎች 2ቱን የገደላቸው ብርድ ነው። እነሱም እኮ ያንን ሁሉ ተራራ ወጥተው ያለፉ ናቸው!

ቃኚ የሚለካው በሚልከው መረጃ ነው። ስንት ናቸው? ምን እያደረጉ ነው? የት፣ መቼ፣ ምን ታጥቀው? አምስት ታንክ አይቶ ሰባት ብሎ የሚልክ ሰው፣ ጉልበቱ ምን ይረባል? ይህ የሚለመደው ጉድጓድ ውስጥ ሳይነቃነቁ ቀንና ሌሊት በማሳለፍ ነው። ምግብ ሳያሞቁ፣ ቆሻሻን እንኳ በላስቲክ ይዞ በመመለስ። ሬዲዮም ቢሆን አጭር መናገርን ይጠይቃል። ባወራህ ቁጥር ጠላት ያለህበትን አቅጣጫ ይለካል።

ዋጋውንም እናንሳ። በ2013 እ.ኤ.አ. እዚያው ዌልስ በኃይለኛ ሙቀት ሲጓዙ 3 ሰልጣኞች ሞተዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. ሬንጀር በተባለው የአሜሪካ ጦር ከባድ የውጊያ ትምህርት ቤት 4 ሰልጣኞችን የፍሎሪዳ ረግረግ ብርድ ገድሏቸዋል።

ደጋፊ፦

የነሱ ሞት ያሳዝናል፣ አልክድም። ያ ግን ጉዞው ይቅር አያሰኝም፣ ክትትሉ ይጥበቅ እንጂ። ደግሞ እንቅልፍ የጠገበ ሰውማ ማንም ታንክ ይቆጥራል። ቁም ነገሩ ደክሞ መቁጠሩ ነው። አሜሪካኖች በ1966 እ.ኤ.አ. ቬትናም፣ ንያ ትራንግ ላይ የከፈቱትን የቅኝት ትምህርት ቤት ተመልከት። ጠዋት ጠዋት በሸክም ያስሮጧቸው ነበር።

ተቃዋሚ፦

ጥሩ ምሳሌ አመጣህልኝ። ትምህርቱ 3 ሳምንት ነበር። በ3 ሳምንት ማንም አዲስ እግር አያበቅልም! የሚመጡት በጦር ሜዳ የቆዩ ወታደሮች ናቸው። ጊዜው ያለቀው በካርታ፣ በሬዲዮ፣ በመጀመሪያ እርዳታና መድፍ አስተካክሎ በማስተኮስ ነው። የመጨረሻው ፈተና ደግሞ እውነተኛ ቅኝት ነበር፣ እውነተኛ ጠላት ባለበት።

ዛሬ ደግሞ የሰውነት ሙቀት የሚያይ ድሮን ከላይ ያንዣብባል። ሯጭ ስለሆንክ አታመልጠውም። መቼ ተኝተህ እንደምትቆይ፣ በምን እንደምትሸፈን ማወቅ አለብህ። ይህን ደግሞ በሩጫ ሰዓት አትለካውም።