«ዩቲዩብ ላይ አለ» ላሉት ተጋባዥ

ባለፈው ሳምንት ደብሊን ውስጥ ስለ ቤተ መጻሕፍት በጀት በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ተጋባዥ ማይክራፎኑን ያዙና የአካባቢ ታሪክና የባህል ዳንስ መዛግብት የጡረተኞች ጊዜ ማሳለፊያ ሆነዋል አሉ። ዋና ዋናው ሰነድ በመንግሥት እጅ ነው፣ የቀረው ደግሞ ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ሌላ ይዙር። ጥቂት ሰው አጨበጨበላቸው። እኔ ከኋላ ወንበር ነበርኩ። አላጨበጨብኩም፤ ግን እጄንም አላወጣሁም፣ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ስማቸውን አልጠራም። ሐሳቡ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

በመንግሥት እጅ ያለ አይጠፋም! ይህን ሌላ አገር ይበሉት። ደብሊን ላይ፣ ያውም ከሊፊ ወንዝ ጥቂት እርምጃ ርቀው መናገር ግን ድፍረት ይጠይቃል። ጁን 30 ቀን 1922 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ገና ሲጀምር በወንዙ ዳር ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ጋየ። የሰባት መቶ ዓመት ወረቀት አመድ ሆኖ በከተማው ላይ በነነ። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍላቸው እዚያው ቀረ። እሺ፣ ጦርነት ነው እንበል። ከ1861 እስከ 1891 የተደረጉትን አራት ቆጠራዎችስ ማን አጠፋቸው? ጥይት አልነካቸውም። ያስወገዳቸው ራሱ መንግሥት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንደ አሮጌ ወረቀት ተፈጩ። ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚመራው ፕሮጀክት በ2022 ለሕዝብ የከፈተው ዲጂታል ግምጃ ቤት የተቃጠለውን መልሶ የሚሰበስበው ከየት ይመስላችኋል? በሌሎች መዛግብት ከተገኙ ቅጂዎች ሌላ፣ ከእሳቱ በፊት ታሪክ የሚያብሰለስላቸው ሰዎች በእጃቸው ገልብጠው በየቦታው ካስቀመጡት ጭምር ነው። ምናልባት እነሱም በዘመናቸው «ሥራ ፈት» ተብለው ይሆናል።

ደግሞስ ጡረተኛው የቱ ነው? ዜማ ሰብሳቢው ብራንዳን ብራናክ በ1963 የራሱን የመጀመሪያ የዳንስ ዜማዎች ስብስብ ሲያሳትም በግብርና ሚኒስቴር ደመወዝተኛ ነበር። ቀን የመንግሥት ፋይል ያገላብጣል፣ በተረፈው ጊዜ ዜማ ያሳድዳል። ኒኮላስ ካሮላንና ሃሪ ብራድሾው በ1987 የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ መዝገብ ቤትን ሲያቋቁሙ ጡረታ ሊወጡ አልነበረም። ዛሬ ደብሊን ውስጥ መዝገብ ቤቱ ያለበት ሜሪየን አደባባይ ቁጥር 73 ገብቶ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማዳመጥ የሚችለው በዚያ የተነሳ ነው።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን የአገሪቱ ትልቁ የአካባቢ ታሪክ ስብስብ የሕፃናት ሥራ መሆኑ ነው። ከ1937 እስከ 1939 በ26ቱ አውራጃዎች በሚገኙ ወደ 5,000 በሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች በየሳምንቱ ድርሰት ሲጻፍ ወደ ቤታቸው ሄደው ሽማግሌ እንዲጠይቁ ታዘዙ። መምህራኑ የያዙት መመሪያ 55 ርዕስ ነበረው፦ የቤት መድኃኒት፣ የአየር ጠባይ ምልክት፣ ቀጥቃጭ፣ ጠበል፣ የተቀበረ ወርቅ፣ ቅቤ አናናጥ። ልጆቹ በደብተራቸው ጻፉ፤ የተሻለው ተመርጦ ትምህርት ቤቱ በያዘው ትልቅ መዝገብ ላይ ተገለበጠ። ደብተሩና መዝገቡ አንድ ላይ ወደ 740,000 ገጽ ሆነ። ያዘዘው የፎክሎር (የሕዝብ ተረትና ወግ) ኮሚሽን በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር መሆኑን ለተጋባዡ እሰጣቸዋለሁ፤ ሌላ የምሰጣቸው የለኝም። ገንዘቡ መዝገቡን ገዛ እንጂ አያቱ አጠገብ ተቀምጦ አልጠየቀም። ገጾቹ ኢንተርኔት ላይ ስላሉ ገብታችሁ እዩ፤ ቀለሙ ጠብ ያለበት የልጅ ጽሕፈት፣ ከታች የልጁ ስም፣ አለፍ ሲልም የተናጋሪው ስም፣ ዕድሜና መንደር። ያቺ የታችኛዋ መስመር ናት ቁም ነገሩ። ማን ነገረህ? የት ሆኖ? እሱስ ከማን ሰማ?

የእጅ ጽሕፈቱን ወደ ኮምፒውተር ፊደል የሚገለብጡት ዛሬም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሥራቸውን «ሜሐል» ብለውታል። አይሪሾች ጎረቤት ተጠራርቶ አዝመራ የሚሰበስብበትን ወግ የሚጠሩበት ቃል ነው፣ ባጭሩ ደቦ። ተጋባዡ ደቦን ከበጀት ሠንጠረዥ ላይ ሊሰርዙት አስበው ከሆነ መልካም ዕድል።

ወደ ዳንሱ ስመጣ ንዴቴ ይጨምራል። ምክንያቱም ተረት በእስክሪብቶ ይያዛል፣ እግር ግን አይያዝም። የኮሚሽኑ ሰብሳቢዎች ኤዲፎን የሚባል ከባድ መቅጃ ተሸክመው ይዞሩ ነበር። ድምፁ በሰም ሲሊንደር ላይ ይቀረጻል፤ ቃሉ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ሲሊንደሩ ውድ ስለሆነ ሰሙ ተፍቆ ለሌላ ሰው ይውላል። ባለታሪኩ ቃሉ ቀረለት፣ ድምፁ ተላጨ። እንግዲህ በቃል የማይነገረው የዳንሰኛ እግር ምን ይሁን? የድሮ የዳንስ መምህራን ከመንደር መንደር እየዞሩ በየቦታው ስድስት ሳምንት ያህል ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። ግራና ቀኙን ለማይለይ ተማሪ በአንድ እግሩ ድርቆሽ፣ በሌላው ገለባ እያሰሩለት «ድርቆሽ! ገለባ!» እያሉ ያስረግጡት እንደነበር ይነገራል። እነዚህ ሰዎች የጻፉት የመማሪያ መጽሐፍ አልነበረም፤ መጽሐፉ ተማሪው ነበር። በኬሪ አውራጃ ሰሜን ያስተማረው ጀረማያ ሞሊኖ እርምጃዎቹን ትቶ ያለፈው በተማሪዎቹ እግር ውስጥ ነው። ካትሪን ፎሊ በ1980ዎቹ ካሜራ ይዛ እነዚያን ያረጁ ተማሪዎች በየቤታቸው ባታንኳኳ ኖሮ እግሮቹ ከባለቤቶቻቸው ጋር ተቀብረው ነበር። በኋላ በሊመሪክ ዩኒቨርሲቲ የአየርላንድ ብሔራዊ የዳንስ መዝገብ ቤትን የመሠረተችው እሷው ናት።

ድርጅት ሁሉ ደግሞ ወዳጅ አልነበረም። የአይሪሽ ቋንቋና ባህል እንዲያንሰራራ የተቋቋመው የጌሊክ ሊግ ማኅበር ሰዎች አራት አራት ጥንድ ሆነው የሚደንሱትን የመንደር ዳንስ ከፈረንሳይ የመጣ ባዕድ ነው ብለው ገፉት። ያገር ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ ሲደንሰው የኖረውን ነገር፣ ከተማ የተቀመጠ ኮሚቴ አይሪሽ አይደለም አለው! በ1980ዎቹ ያ ዳንስ ሲያንሰራራ እንደ ኮኒ ራያን ያሉ አስተማሪዎች በየመንደሩ አሮጊትና ሽማግሌ እየጠየቁ መልቀም ነበረባቸው።

የ1935ቱን የዳንስ አዳራሾች ሕግም ተመልከቱ። ጽሑፉን ብታነቡ ስለ ሕዝብ ዳንስና ስለ ፈቃድ የሚያወራ ደረቅ ወረቀት ነው። መንግሥት ያስቀመጠልን ይህን ብቻ ነው። በሰው ቤት የሚደረገው ጭፈራ እንዴት እንደደረቀ፣ ቄሱና ፖሊሱ ምን እንዳደረጉ የምናውቀው ግን እንደ ክሌር አውራጃው ቫዮሊን ተጫዋች ጁኒየር ክሪሃን ያሉ ሰዎች ስለነገሩን ነው። የነገሩትም ደጃፋቸው ድረስ ሄዶ የጠየቃቸው ስለነበረ ነው። ሕጉ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ምንም እንዳልተፈጠረ እናወራ ነበር።

ዩቲዩብ ላይ አለ ይባላል። አዎ፣ በ1994 በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር መድረክ የታየው የሰባት ደቂቃው የአይሪሽ ዳንስ ትርኢት፣ ሪቨርዳንስ፣ አለ። ሌላም የማውቀው ቪዲዮ አለ፣ እኔው የጫንኩት። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ዳንስ በምማርበት አዳራሽ (እስክስታ ያደገበት ትከሻዬ አላርፍ እያለ መምህሯን ያስቸግራታል፤ እዚህ ከወገብ በላይ ዝም ማለት ነው) አንዲት እናት ለሻይ ስንቀመጥ ተነሥተው የቆዩ እርምጃዎች አሳዩን። ተረከዛቸው ወለሉን የሚመታው እንደ ሙቀጫ ነበር። አርባ ሰከንድ ያህል በስልኬ ቀረጽኩና ለቀቅኩት። ከሦስት ወር በኋላ ከአውስትራሊያ አንድ ሰው ጻፈልኝ፦ ይህን እርምጃ አያቴ ስትደንሰው አይቻለሁ፣ እኚህ ሴት የየት መንደር ሰው ናቸው፣ ማንስ አስተማራቸው?

አልጠየቅኳቸውም ነበር። ከዚያ ማታ ወዲህ ደግሞ ወደ አዳራሹ አልመጡም። ቪዲዮው ግን አለ፣ ተጋባዡ እንዳሉት።