የድንግል ውሃ

እናቴ በቪዲዮ ስትደውል ሮም ውስጥ ፎንታና ዲ ትሬቪ የሚባለው ታዋቂ ምንጭ ፊት በሰው ተጨፍልቄ ቆሜ ነበር። ካሜራውን አዞርኩላት።

"ውይ! ይሄ ሁሉ ሰው ውሃ ሊቀዳ ነው?"

"አይ እማዬ፣ ሳንቲም ሊወረውር ነው።" ጀርባህን ሰጥተህ በግራ ትከሻህ በኩል ከወረወርክ ወደ ሮም ትመለሳለህ ይባላል።

"ለመመለስማ ቪዛ ነው የሚያስፈልገው" አለች።

ነገሩ ሲጀመር ያው ቦኖ ነበር። አግሪጳ የሚባለው ሮማዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት ነው ውሃውን በቦይ ከተማ ያስገባው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሮማው ጳጳስ ኡርባኖ 8ኛ ምንጩን ላሳምር ብለው ወይን ጠጅ ላይ ግብር ጨመሩ። ውሃ እንዲያምር መጠጥ ማስወደድ! ሕዝቡ አሾፈባቸው፣ እሳቸውም ሳያሳምሩት ሞቱ። ኋላ የመጡት ጳጳስ ቀለሜንጦስ 12ኛ ግን ብልጥ ነበሩ፤ ገንዘቡን ከሎተሪ አወጡት። ግብር ሲሉት የሚያማርር ሰው ሎተሪ ሲሉት ተጋፍቶ ይከፍላላ። አርክቴክቱ ኒኮላ ሳልቪ በ1732 እ.ኤ.አ. ጀመረው፣ በ1751 ሳይጨርሰው ሞተ፣ በ1762 ሌሎች ጨረሱት። ይሄን ትዕግስት የሚያውቀው ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው።

እኔ የምወደው ግን በስተቀኝ ጥግ ያለውን ትልቅ የድንጋይ ማሰሮ ነው። እዚያ ጋ ፀጉር ቤት የነበረው ሰውዬ ደጁ ላይ ቆሞ ሥራውን በየቀኑ ሲተች ሳልቪ መረረውና፣ እንዳያይ ብሎ ማሰሮውን ፊቱ ገተረበት ይባላል። ተቺን እንዲህ ነው እንጂ!

"ውሃው ስም አለው?" አለች እናቴ።

"አክዋ ቬርጂኔ። የድንግል ውሃ ማለት ነው።"

ምነው ባልተናገርኩ! እልልታዋ በስልኬ አልፎ አጠገቤ ያሉትን ጃፓኖች አስደነገጣቸው። ለተጠሙ ወታደሮች ምንጩን አሳየች ስለምትባል ልጃገረድ ነው፣ እመቤታችን ሳትወለድ በፊት ነው ብል ማን ይስማኝ። "በሃይላንድ ቀድተህ ላክልኝ፣ ለጉልበቴ።"

"ገንዳው ሳንቲም ብቻ ነው እኮ። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይለቀምና ካሪታስ የሚባለው የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት ለድሆች ያውለዋል።"

"ታዲያ ሙዳየ ምጽዋት ነዋ!"

ተረታሁ። ጎን ላይ ፍቅረኞች የሚጠጡባት ትንሽ ቧንቧ አለች፤ ሁለት የሚሳሳሙ ልጆች እስኪጨርሱ ጠብቄ ሃይላንዷን ሞላሁ። አዲስ አበባ የምትሄድ አንዲት የአገር ልጅ "ሻንጣዬ ሞልቷል፣ መርፌ አያስገባም" ብላኝ ነበር። የድንግል ውሃ መሆኑን ስነግራት ሁለት ጥንድ ጫማ አወጣች።