ማስተካከያ፦ ከክሊፍተን ሼኒየር በፊት አሜዴ አርዷን ነበር
ባለፈው ስለ ዛይደኮ፣ ማለትም በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ስላለው የክሪዮሎች (የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጥቁሮች) የአኮርዲዮን ሙዚቃ ስጽፍ፣ በአኮርዲዮን ሸክላ ያስቀረጸው የመጀመሪያው ጥቁር ክሪዮል ክሊፍተን ሼኒየር ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሼኒየር በፈረንጆቹ 1925 ነው የተወለደው። ጥቁር ክሪዮሉ የአኮርዲዮን ተጫዋች አሜዴ አርዷን ደግሞ በ1929 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሸክላ አስቀርጿል። ሼኒየር ያኔ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነው! አርዷንን በቫዮሊን ያጀበው ዴኒስ ማጊ ነጭ ነበር። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ጥቁርና ነጭ አብረው ሸክላ ማስቀረጻቸው ቀላል ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሰው መዝለሌ ከልቤ ቆጭቶኛል።

አርዷን የሚጫወተው ትንሿን ባለ ቁልፍ አኮርዲዮን ነው። ሼኒየር የፒያኖ ጥርስ ያላትን ትልቋን ይዞ ብሉዝ ጨመረበት። ዛይደኮ የዛሬ መልኩን የያዘው በእሱ እጅ ነው ያልኩት ግን እንዳለ ነው።

አንድ ሌላ እርማት። የሼኒየር ወንድም ክሊቭላንድ ይጫወትበት የነበረውን መሣሪያ የልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ብዬው ነበር። መነሻው እሱ ቢሆንም፣ ፍሮትዋር የሚባለው ከትከሻ ተንጠልጥሎ ደረትና ሆድ የሚሸፍን፣ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሸንተረር ያለው ብረት ነው። ክሊቭላንድ በጠርሙስ መክፈቻ ይፍቀው ነበር። ያ ከአኮርዲዮኑ ሥር የምትሰሙት ችክችክታ ከዚያ ነው የሚመጣው።