ስልካችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ በለስላሳ ቃል ልጽፍላችሁ አልቻልኩም።

ሰሞኑን መገናኛ ታክሲ ተራው ጋ አንዲት ወጣት ሴት ልብሷን ጥላ ቆማለች። አረብኛና አማርኛ እየቀላቀለች ከማናየው ሰው ጋር ትሟገታለች። «ማዳም፣ ጨርሻለሁ እኮ! አጥቤዋለሁ!» ትላለች ደጋግማ። ከየት እንደተመለሰች ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ዙሪያዋን ሰው ከቧታል። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይቀርጻል። ማተብ ያሰረውም፣ ሂጃብ የለበሰችውም፣ መታወቂያ ያንጠለጠለው የቢሮ ሠራተኛም አለበት። አንዲት ቆሎ የሚሸጡ እናት ዘንቢላቸውን ጥለው መጡ። ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ይሄኔ አንዱ ወጣት ስልኩን እንደያዘ ምን አለ መሰላችሁ?

«ማዘር፣ ዞር በይልኝ፣ ከለልሽኝ እኮ!»

ሰውም ሳቀ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። ተጋግዘን አንድ ሱቅ ውስጥ አስገባናት፤ ባለሱቁ ውኃ ሰጣት። ማታ ቪዲዮው በቴሌግራም ስልኬ ላይ ደረሰ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል። የእናቷ ስልክ ላይም ደርሶ ይሆናል። ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ከዚያው ሥር አንዱ «ዘንድሮ እብድ በዛ» ብሎ ጽፏል። ቁጥሩማ በዝቷል። በዓለም ላይ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1990 ወደ 655 ሚሊዮን ይገመት ነበር፤ በ2019 ወደ 970 ሚሊዮን ደርሷል። ሕዝቡም አብሮ ስላደገ ከመቶ ሰው የሚታመመው መጠን በእነዚያ ዓመታት ብዙም አልተለወጠም። ኮሮና ሲመጣ ግን በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ጭንቀትና ድባቴ 25 በመቶ መጨመራቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ተናግሯል። እኛ ጋ በዚያ ላይ ጦርነት መጣ፣ መፈናቀል መጣ።

ደግሞስ ድሮ አልነበሩም? በቡታጅራ ዙሪያ እንደ ፈረንጆቹ በ1998 የተጀመረ ጥናት ቤት ለቤት እየዞረ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ጠየቀ። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታው የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ውስጥ አብዛኞቹ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ስንቱ ጓዳ ተደብቋል፤ የታሰረም አለ። ቤተሰብ ጨክኖ አይደለም። ጎረቤት «መተት ነው፣ በዘር ነው» ይላል፤ የታመመችው እህት ባል ታጣለች። አማኑኤል ሆስፒታልን እንኳ መሰዳደቢያ አድርገነው የለ? እንግዲህ እናንተ ያንን ቪዲዮ ስትቀባበሉ፣ ነገ ልጇ የምትታመምባት እናት ምን የምታደርግ ይመስላችኋል? በሯን ትቆልፋለች። ልጅቷ ቶሎ ብትታከም የሚሻላት ሕመም ዓመታት ይቆይባታል። ይህ የእናንተ ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ነው።

እባካችሁ። ሰው እንዲህ ሆኖ ስታዩ ሸፍኑት። ዘመድ ካለው ፈልጉለት። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን አታስጥሉት። ቪዲዮ ሲላክላችሁ አጥፉት፣ የላከውንም አጥፋው በሉት። ሁላችሁም ትሰሙኛላችሁ ብዬ አልጠብቅም፤ ደክሞኛል። ከመቶ አሥራችሁ እንኳ ብትሰሙኝ ለጊዜው ይበቃኛል።